ዝናቡ እስኪያባራ ጽጌረዳዬን የት ላቆየው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እህቴ ሆለታ አካባቢ ካለ የአበባ እርሻ 12 የጽጌረዳ ችግኝ አመጣችልኝ። እርሻው ዝርያ ሲቀይር የነቀላቸው ናቸው። ሥራቸው ላይ ምንም አፈር የለም፤ ታጥበው በጆንያ ተጠቅልለው ነው የመጡት። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬ በረንዳ ላይ ካስቀመጥኳቸው ይኸው 3 ቀን ሆናቸው። ግቢያችን ዋልካ ነው። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ጭቃው እግር አያስገባም። ባለቤቴ ችግኝ የሚተከለው በዝናብ ነው፣ ዛሬውኑ እንትከል ይላል። እኔ ደግሞ ይበሰብሳሉ ብዬ ፈራሁ። እስከ መቼ ማቆየት እችላለሁ? የትስ ላስቀምጣቸው? የ2ቱ ሥር ጫፍ ጫፉ ጠቁሯል፤ ልጣላቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ይህን እንዳነበቡ መጀመሪያ ተነሥተው ችግኞቹን ከባልዲው ያውጡልኝ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን። አሁን ከጭቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ባልዲው ነው።

ሥር ይተነፍሳል። ብዙ ሰው ሥርን ውሃ መጠጫ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ሥር ግን እንደ እኛው ኦክስጅን ይፈልጋል። አፈር ውስጥ ሲሆን በአፈሩ ቅንጣቶች መሀል ካለው ክፍተት አየር ያገኛል። የረጋ ውሃ የሚይዘው አየር ግን በጣም ጥቂት ነው፤ እሱንም ሥሩ ቶሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ ቀጫጭኖቹ ሥሮች መታፈን ይጀምራሉ። የታፈነ ሥር ራሱን መከላከል አይችልም። ሥር የሚያበሰብሱት ተውሳኮች የሚገቡት ያኔ ነው። የ2ቱ ችግኞች ሥር ጫፍ የጠቆረውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

መንከሩ ራሱ ስሕተት አይደለም። ባዶ ሥር ችግኝ መንገድ ላይ ደርቆ ስለሚመጣ ውሃ መጠጣት አለበት። ግን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይበቃዋል። አንድ ሌሊት ቢያድርም አይጎዳም። 24 ሰዓት ካለፈ ጥቅሙ ያልቅና ጉዳቱ ይጀምራል። እርስዎን የረዳዎት የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀ ውሃ የበለጠ አየር ይይዛል፤ ሥሩም በብርድ የሚተነፍሰው በዝግታ ነው። ሸዋ ሮቢት ቢሆኑ ኖሮ በ3 ቀን ውስጥ ሽታው ራሱ ይነግርዎት ነበር። ስለዚህ 10ሩ ደኅና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ። እሳቸው ያሉት መሠረት አለው። እኛ ሀገር ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው። ጽዱም፣ ወይራውም፣ ባሕር ዛፉም በሐምሌ ነው የሚተከለው፤ ይጸድቃልም። ግን እነዚያ ችግኞች ከችግኝ ጣቢያ የሚመጡት ከነአፈራቸው፣ በፕላስቲክ ተይዘው ነው። ሥራቸው አልተነካም። የእርስዎ ጽጌረዳ ግን ከመሬት ተነቅሎ፣ ታጥቦ የመጣ ነው። ውሃ የሚስቡት ፀጉር መሳይ ሥሮች አብዛኞቹ ቀርተዋል። መጀመሪያ ቁስሉን መዝጋት አለበት። ከዚያ አዲስ ሥር ማውጣት አለበት። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ እርጥበትና አየር። የሐምሌ ዋልካ እርጥበቱን ይሰጠዋል፣ አየሩን ይነሳዋል።

ይህን በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ 40 ባዶ ሥር ጽጌረዳ ተከልን። ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጧል፣ እንግዳ ተጠርቷል። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሮ ጉድጓዶቹ ሞልተው አገኘናቸው። ውሃውን በጣሳ እየቀዳን ተከልን። ለአንድ ወር ያህል በጣም ያማሩ ነበሩ። ቅጠልም አወጡ። ሁላችንም ጸደቁ አልን። መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠወለጉ። ስንነቅላቸው አዲስ ሥር የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ያ ሁሉ ቅጠል የወጣው ግንዱ ውስጥ በነበረው ስንቅ ብቻ ነው። ከ40ው የተረፉት 9 ናቸው። 9ኙም አጥሩ ጥግ፣ ከፍ ባለው ድንጋያማ ቦታ ላይ የነበሩት ናቸው። እነዚያን 31 ችግኞች ዛሬም አልረሳቸውም። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ስላየሁ ብቻ ጸድቋል ብዬ አላውቅም።

ቀጋን መቼም ያውቁታል። ቀጋ የሀገራችን የራሷ ጽጌረዳ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ሮዛ አቢሲኒካ ነው። የት የት እንደሚበቅል ልብ ብለው አይተው ያውቃሉ? ገደል አፋፍ ላይ፣ የድንጋይ ካብ ጥግ፣ ተዳፋት ላይ። ውሃ በሚተኛበት የዋልካ ሜዳ መሀል አያገኙትም። ዝናቡ ያው የሐምሌ ዝናብ ነው። ግን እሱ ባለበት ቦታ ውሃው ያልፋል፣ አይተኛም።

እንግዲህ ችግኞቹን ከባልዲው አውጥተዋል። ጥላ ያለበት ቦታ፣ እርጥብ ጆንያ ላይ ያስተኟቸው። ፀሐይና ንፋስ እንዳያገኛቸው። ባዶ ሥር ንፋስ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። አንድ በአንድ እያነሡ ይመልከቱ።

መቀስዎን በአልኮል ወይም በበረኪና ይጥረጉት። የጠቆረውን ሥር ከጫፉ ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ ይቁረጡ። ጤነኛ ሥር ውስጡ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ክሬም ነው፤ ሲነኩት ጠንካራ ነው። የበሰበሰ ሥር ውስጡም ጥቁር ወይም ቡናማ ነው። ላዩን በጣት ሲስቡት እንደ ልጣጭ ይላቀቃል። ነጩ እስኪመጣ ድረስ ይቁረጡ፤ ሲደርሱ ያቁሙ። የተሰበረና የተጨፈለቀ ሥርም ካለ በንጽሕና ይቁረጡት። ደኅናውን ሥር ግን ለመልክ ብለው አያሳጥሩት።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ይዩልኝ። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት አካባቢ አንድ ጉብ ያለ ነገር ያያሉ። እሱ ምንም አይደለም፤ አበባ ሰጪው ዝርያ ከሥር ሰጪው ጋር የተዳቀለበት ቦታ ነው። የአበባ እርሻዎች ለሥር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ናታል ብራየር የሚባለውን ዝርያ ነው። ከዚያ የተለየ፣ እንደ አበባ ጎመን ጎርባጣና ሻካራ የሆነ እብጠት በግንዱ ግርጌ ወይም በሥሩ ላይ ካዩ ግን በባክቴሪያ የሚመጣ የጽጌረዳ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም። ያንን ችግኝ ያቃጥሉት። መቀሱን እንደገና ይጥረጉ። ባክቴሪያው በውሃ ስለሚተላለፍ ከዚህ በኋላ ሁሉንም ባንድ ባልዲ አይንከሩ።

ከላይ ደግሞ 3 ወይም 4 ጠንካራ ቅርንጫፍ ብቻ ይተዉ። እነሱንም ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አድርገው ያሳጥሯቸው፤ ወደ ውጭ ከሚያይ ጉጥ ትንሽ ከፍ ብለው። ቅጠል ካለ ሁሉንም ያራግፉ። ይህን ስል ብዙ ሰው ያዝንብኛል። ግን አሁን ሥሩ ቅጠል የሚቀልብበት አቅም የለውም። ከዚህም በላይ ቅጠሉ እርሻው አበባ ከሚያበቅልበት ፕላስቲክ ቤት ውስጥ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሕይወት መኖሩን ከተጠራጠሩ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው።

እስከ መቼ ይቆያል? እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና።

ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ባዶ ሥር ጽጌረዳ ለወራት ይቀመጣል የሚል ያገኛሉ። እውነት ነው፤ ግን ለአውሮፓ ነው። እዚያ ችግኙ የሚነቀለው ብርድ መጥቶ ቅጠሉን አራግፎ ከተኛ በኋላ ነው። የተኛ ተክል ስንቁን አይጨርስም። ከ0 እስከ 2 ዲግሪ በሆነ እርጥበታማ መጋዘን ውስጥ ለወራት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። የእርስዎ ጽጌረዳ ግን ሆለታ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሲያብብ የኖረ ነው። እንቅልፍ አያውቅም። የተነቀለውም እያደገ ሳለ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ እየቆጠረበት ነው። የሚኖረው ግንዱና ወፍራሙ ሥሩ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። በሞቀ ቁጥር ቶሎ ይጨርሰዋል። በቀዘቀዘ ቁጥር ይቆጥበዋል።

እኔ የምሰጠው ልክ ይህ ነው። ቀዝቃዛና ጨለማ ክፍል ውስጥ በደንብ ተጠቅልሎ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ 10 ቀን። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ጊዜያዊ መኝታ ያስፈልገዋል።

ለመጠቅለል ሰጋቱራ በጣም ጥሩ ነው። አናጺ ቤት በነጻ ያገኛሉ። የእንጨት ይሁን እንጂ የኮምፔንሳቶ ወይም የቺፕውድ ብናኝ አይቀበሉ፤ ሙጫ አለበት። ሰጋቱራውን ያርጥቡና በእጅዎ ይጭመቁት። ጠብ የሚል ውሃ መኖር የለበትም። በደንብ እንደተጨመቀ ልብስ ሲሆን ልክ ነው። ሰጋቱራ ከጠፋ የጋዜጣ ወረቀት እንዲሁ አርጥበው ይጠቀሙ። ሥሩን በሱ ሸፍነው ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡ። ከላይ በኩል ግን አይቋጥሩት። ግንዱ አየር ያግኝ። ሙሉ በሙሉ ከታሰረ ላብ ያጠራቅምና ግራጫ ሻጋታ ይይዘዋል። በክረምት ጽጌረዳ በመድረቅ ብቻ ሳይሆን በሻጋታም ይሞታል። በየ2 ቀኑ ይክፈቱና ይዩ። ሻጋታ ካለ ያንን ቦታ ቆርጠው ይጣሉ፤ መጠቅለያውንም ይቀይሩ። ነጭና ቀጭን ቡቃያ ካወጣ ጨለማው ያወጣው ነው፤ ቆንጥረው ይጣሉት።

ፍሪጅ የሚጠቀሙ ከሆነ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፖም ያለበት ቦታ አያስገቡት። የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጽጌረዳ አይችለውም፤ ጉጡን ይገድለዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን ጊዜያዊ መኝታውን ነው። ግቢዎ ውስጥ ወይም ጎረቤት ለግንባታ የመጣ አሸዋ ካለ ተገላገሉ። አሸዋው ክምር ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፍሩ። ችግኞቹን ጎን ለጎን፣ ዘንበል አድርገው ያስተኟቸው። ሥራቸውንና የግንዳቸውን አንድ ሦስተኛ በአሸዋ ይሸፍኑ። እርጥብ አሸዋ ከሥሩ ጋር በደንብ ይገናኝ፤ ባዶ ቦታ አይቅር። አሸዋ ውሃውን አሳልፎ አየር ይይዛል። ዝናቡ ቢወርድበትም ችግር የለም። እዚያ አንድ ወር፣ አንድ ወር ተኩል ይቆያሉ። ጥንቃቄው አንድ ብቻ ነው። አዲስ ሥር ካወጡ በኋላ ሲያነሡ በእርጋታ ያንሱ፤ ነጫጮቹ ሥሮች እንደ ክር ይበጠሳሉ።

አሸዋ ከሌለ? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎት። ጀሪካን እቆርጣለሁ።

ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን፣ አፉ በኩል ተቆርጦ ሲከፈት፣ ለአንድ ጽጌረዳ ልክ ነው። ታቹን ቢያንስ 8 ቦታ ይብሱት። ጎኑንም ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብለው 3፣ 4 ቦታ ይብሱ። 12 ጀሪካን ወጪ ነው ካሉ የዱቄት ወይም የማዳበሪያ ከረጢት አፉን ወደ ውጭ ጠቅልለው ይጠቀሙ። ከረጢት እንዲያውም ውሃ አይቋጥርም። ከግቢው ዋልካ ግን አይሙሉት። የተለመደው የችግኝ ጣቢያ ቅልቅል ይሻላል፤ 3 እጅ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ። ሲሞሉ ከታች ጠጠር አያድርጉ። ብዙ ሰው ጠጠር ውሃ ያሳልፋል ይላል። ውሃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ጠጠሩ እርጥቡን ቦታ ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። ከዚህ ይልቅ ጀሪካኑን 2 ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት፤ ከታች አየር ይለፍ። ቦታው ብርሃን ያለበት፣ ግን ኃይለኛው ዝናብ በቀጥታ የማይመታው ይሁን። ይህን ካደረጉ ቸኩሎ የሚያስተክልዎት ነገር የለም።

ጽጌረዳው እዚያ ሥር ሲሰድ እርስዎ ቦታውን ያዘጋጁ። ዝናቡ እዚህ ላይ ይረዳዎታል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጥላ ይያዙና ግቢዎን ይመልከቱ። ውሃው ከየት ይመጣል? የት ይተኛል? በየት ይወጣል? በበጋ ይህን ማንም አይነግርዎትም። በተለይ ጣሪያውን ይዩ። ባለ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ የሚወርደው ውሃ 1,000 ሊትር ነው። አሸንዳ ከሌለው ያ ሁሉ የሚፈሰው ግድግዳው ሥር ነው። እኛ ደግሞ አበባ ስንተክል ግድግዳ ሥር ነው የምንወደው። ጠፈጠፍ የሚወርድበት ቦታ ላይ ጽጌረዳ አይትከሉ። ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ።

ቦታውን ከመረጡ በኋላ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት። በማግስቱም ውሃው ካለ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይተከልም። የእርስዎ ዋልካ ውሃውን እንደማያሳልፍ ከወዲሁ መገመት እችላለሁ። መልሱ ወደ ታች መቆፈር ሳይሆን ወደ ላይ መከመር ነው።

በሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህን ከኛ ባለሙያዎቹ በፊት ያውቁታል። ዋልካውን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ። በመደቦቹ መሀል ውሃ መውረጃ ቦይ ይተዋሉ። ስንዴው ከላይ ይቆማል፤ ውሃው ከታች ይሄዳል። በኋላ በበሬ የሚጎተተው የመደብ ማውጫ መሣሪያ የመጣው ያንኑ ሥራ ለማቅለል ነው። ያንን ጥበብ ወደ አበባ መደብዎ ያምጡት። መደቡ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ወርዱ አንድ ሜትር ይሁን። ለ12 ጽጌረዳ በሁለት ረድፍ ከሆነ ርዝመቱ 4 ሜትር ይበቃል። በችግኞቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ዙሪያውን በድንጋይ ቢክቡት ያምራል፤ አፈሩም አይሸረሸርም። በድንጋዮቹ መሀል ግን ሲሚንቶ አያድርጉ። ቦዩ ውሃውን ወደ ውጭ ማውጣቱን ያረጋግጡ።

ዋልካው ላይ ጥቂት አሸዋ ጣል በማድረግ አይለውጡትም። ዋልካን የሚያላላው ብስባሽ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፍግ ለኩበት ስለሚፈለግ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። የበግ በጠጥ ግን በየቤቱ አለ፤ በጣም ጥሩም ነው። የቆየውን፣ ጠቁሮ እንደ አፈር የሚፈረካከሰውን ይውሰዱ። ትኩሱን አይጠቀሙ። የዶሮ ኩስ ደግሞ ሳይበሰብስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል።

አፈሩ ጭቃ እያለ ግን አይቆፍሩ፣ አይርገጡ። ይህን ደጋግሜ የምለው ነው። እርጥብ ዋልካ በዶማ ሲቆረጥ ግድግዳው እንደ ሸክላ ይለሰናል። ከዚያ ጉድጓድ ሳይሆን ጋን ነው የቆፈሩት። ውስጡን በጥሩ አፈር ቢሞሉትም ውሃው ከዙሪያው እየመጣ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። የተረገጠ ጭቃ ደግሞ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። መደቡ የሚሠራበትን ቦታ ከአሁኑ በላስቲክ ይሸፍኑት። ከ2 ሳምንት በኋላ ከላስቲኩ በታች ያለው አፈር ከግቢው ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኙታል። የአፈሩን ሁኔታ ለመፈተን እፍኝ አፈር ይጭበጡ። ሲጨብጡት ከተያያዘና በአውራ ጣት ሲነኩት ከተፈረካከሰ ጊዜው ደርሷል። እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለና ካብለጨለጨ ይጠብቁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ከዋልካ ጋር ስሠራ የምጠብቀው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ድረስ። ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አፈሩ ግን ገና እርጥብ ነው። ከዚያ ካለፈ የጥቅምት ውርጭ ሥሩን ሳይዝ ይደርስበታል።

የተከላው ቀን ብዙ ሥራ የለውም። ሥሩ ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት ቦታ ይክፈቱ። መሀሉ ላይ ትንሽ የአፈር ጉብታ ሠርተው ሥሩን እንደ ጃንጥላ ያልብሱት። ከጀሪካን ከሆነ ከነአፈሩ ያውርዱት። የተዳቀለበት ጉብ ያለ ቦታ ከአፈሩ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ብርድ በሚበዛበት ሀገር ይቅበሩት የሚል ምክር አለ። ያ መሬቱ ራሱ በረዶ ለሚሆንበት አገር ነው። እኛ ጋ ውርጩ ላይ ላዩን ነው፤ የተቀበረ ግንድ ደግሞ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። አፈሩን በእጅ ጫን ጫን ያድርጉት እንጂ በእግር አይርገጡት። ዝናብ ቢኖርም አንድ ጊዜ ውሃ ያጠጡት፤ አፈሩ ከሥሩ ጋር እንዲገናኝ ነው። ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ ጉድጓድ ውስጥ አይጨምሩ። አዲስ ሥር ማዳበሪያ ሲነካው ይቃጠላል። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን ትንሽ ዳር ዳሩን መስጠት ይቻላል።

ይህ ሁሉ የደብረ ብርሃን ሜዳና የዋልካ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ እንደየቦታችሁ ነው። ደብረ ሲና ተዳፋቱ ላይ ያለ ሰው ውሃው ስለሚወርድለት ዛሬም መትከል ይችላል፤ የሚያስፈልገው አፈሩ እንዳይሸረሸር መከተር ነው። አንኮበር ጉሙ ቅጠል አያደርቅም፤ ችግኞቹን ይበልጥ አራርቃችሁ ትከሉ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ያላችሁ ውርጩን አስቡና ጀሪካኑን እስከ በልግ ብታቆዩት ይሻላል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ግን ማስቀመጥ የሚባል ነገር አይታሰብም። ሙቀቱ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። በመጣበት ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉት።

እህቴ፣ አንድ ነገር ከአሁኑ ይወቁት። እነዚህ ጽጌረዳዎች ዝናብ ሳይነካቸው ለመኖር የተመረጡ ናቸው። ደጅ ሲወጡ ቅጠላቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሊወጣ ይችላል። የዚህ ፈንገስ ዘር ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ከረጠበ ይበቅላል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ያ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ መደቡ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ውሃ ሲያጠጡ ግርጌውን እንጂ ቅጠሉን አያጠጡ። የታመመውንና የረገፈውን ቅጠል እየለቀሙ ያቃጥሉ። አንዳንዱ ዝርያ ይለምዳል፣ አንዳንዱ አይለምድም። 12ቱም እኩል ያምራሉ ብዬ ቃል ልገባልዎት አልችልም።

ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጥርት ያለበትንና ንፋስ የሌለበትን ማታ ይጠንቀቁ። ውርጭ የሚወርደው ያኔ ነው። ለጋ ቡቃያውን በጆንያ ወይም በአሮጌ ነጠላ ያልብሱት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያንሱለት። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ዩሪያ አይስጡት። ለጋ ቡቃያ ያበዛል፣ ውርጩ ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ግማሽ ባልዲ ውሃ ይስጡ። ዋልካ ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል፤ ስንጥቁ ከመጀመሩ በፊት መደቡን በደረቅ ሣር ይሸፍኑት። ሣሩ ግንዱን አይንካ።

እነዚያን 2ቱን አይጣሏቸው። የጠቆረውን ቆርጠው ነጭ ሥር ከቀረላቸው ለየብቻ ጀሪካን ይስጧቸው፤ ቅርንጫፋቸውን ግን ከሌሎቹ ባጠረ መልኩ፣ 15 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡት። ከ4 ሳምንት በኋላ ጀሪካኑ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል አሾልከው ይዩ። ነጭ ሥር ብቅ ካለ ድነዋል። ለሁሉም ደግሞ፣ መስከረም ላይ የመጀመሪያዋን እንቡጥ ሲያዩ ያሳሳል፤ አውቃለሁ። እንቡጧን ግን በአተር ፍሬ መጠን ሳለች ይቀንጥሷት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ሦስተኛዋን ይተዉላት፣ ታብብ።